ኮዱ የብዙዎች፣ ውሳኔው የአንድ ኩባንያ

እ.ኤ.አ. በ2009 ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ የሚባል የሲሲሊ ፕሮግራመር አንድ ሥራ አላላውስ አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያቋቋመው አነስተኛ አገልግሎት የድረ ገጽ ባለቤቶች ማን ገጻቸውን እየጎበኘ እንዳለ በዚያው ቅጽበት እንዲያዩ ያደርግ ነበር። አዲስ ጎብኚ ሲመጣ በዝርዝሩ አናት ላይ ይጻፋል፤ ዝርዝሩ ሲረዝም ከግርጌ ያለው አሮጌው ይሰረዛል። ሲነገር ቀላል ነው። ዳታቤዙ ግን እያንዳንዷን ጉብኝት ዲስክ ላይ ሲጽፍና ከዲስክ ሲያነብ ሰርቨሩ ፋታ አጣ። ሳንፊሊፖ መረጃውን ከዲስክ ይልቅ ሜሞሪ ላይ የሚያኖር የራሱን ዳታቤዝ ለመጻፍ ቁጭ አለ። አንድ ትዕዛዝ ጎብኚውን በዝርዝሩ ራስ ላይ ይጨምራል፤ ሌላ ትዕዛዝ ከተወሰነው ቁጥር በታች ያለውን ይቆርጣል። ሁለቱም ዓይን ከመጨፈን ባነሰ ጊዜ ያልቃሉ። ስሙን ሬዲስ አለው።

ሥራውን ለራሱ ብቻ አላስቀረም። ኮዱን ቢኤስዲ በሚባለው ፈቃድ ለዓለም ለቀቀው። ይህ ፈቃድ ከአንድ ገጽ ያነሰ ነው፤ ፍሬ ነገሩም ውሰዱት፣ ለውጡት፣ ብትፈልጉም ሽጡት፤ የጻፍኩት እኔ መሆኔን የሚገልጸውን ማስታወሻ አታጥፉ፣ በስሜ አትነግዱ፣ ጉዳት ቢደርስባችሁ ደግሞ በእኔ አታሳቡ የሚል ነው። ብዙም ሳይቆይ ጊትሀብና ኢንስታግራም ተጠቀሙበት። ፕሮግራመሮች ከየአገሩ ስህተት እያረሙ፣ አዳዲስ ነገር እየጨመሩ ይልኩለት ጀመር። ዛሬ ስልካችን ላይ ገብተን የምንከፍታቸው በርካታ መተግበሪያዎች የገባነው እኛ መሆናችንን የሚያስታውሱት፣ የገበያ ቅርጫታችንን የሚይዙት፣ ማሳወቂያችንን የሚያሰልፉት በሬዲስ ወይም ከሬዲስ በተወለደ ሶፍትዌር ነው።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 2024 ላይ፣ የሬዲስን ስም የያዘው ኩባንያ ከእንግዲህ አዲሱ ኮድ በዚያ ፈቃድ እንደማይወጣ አስታወቀ። ኮዱን ሲያዋጡ የኖሩ ሰዎች በውሳኔው ውስጥ አልነበሩበትም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቀንና ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ስለሆነው ነው። ጉዳዩን አጥብቄ የያዝኩበት ምክንያት አለኝ። ኦፕን ሶርስ ሲባል ብዙዎቻችን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ዋጋ ነው፤ ነፃ ነው፣ አይከፈልበትም። ክርክሩ ግን ከመጀመሪያው ስለ ዋጋ አልነበረም።

ወደ ኋላ እንሂድ። 1980 አካባቢ በአሜሪካው ኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ወጣት ፕሮግራመር ነበር። ቤተ ሙከራው ከዜሮክስ የተሰጠው አዲስ የሌዘር ፕሪንተር ነበረው። ፈጣን ነው፣ ግን ወረቀት ይይዘዋል። ሰዎች ከሌላ ፎቅ አትም ብለው ያዝዙና ከብዙ ቆይታ በኋላ ሲመጡ ማሽኑ ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቆሞ ያገኙታል። ስቶልማን በፊት በነበረው ፕሪንተር ላይ ይህንኑ ችግር አቃልሎ ነበር፤ ወረቀት ሲያዝ ለሚጠብቁት ሁሉ መልእክት የሚልክ ጥቂት መስመር ኮድ ጨምሮበት ነበር። ለአዲሱም ያንኑ ለማድረግ የፕሪንተሩን ኮድ ፈለገ፤ አልተሰጠውም። በሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ ኮዱን የያዘ ባልደረባ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅም ሰውዬው ለማንም ላለመስጠት ፈርሜያለሁ አለው። ስቶልማን ያን እምቢታ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን ፕሮጀክት አወጀ፤ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የሚባለውን ፈቃድ አወጣ። ጂፒኤል ከቢኤስዲ ይለያል። ኮዱን ለውጠህ ለሌላ ሰው ከሰጠህ ያሻሻልከውንም በዚያው ነፃነት ስጥ ብሎ ያስገድዳል። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና በዚህ ፈቃድ ስር አስገባው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ኩባንያ የሊኑክስን ልብ ለብቻው መዝጋት አልቻለም።

ጂፒኤል ሲጻፍ ያልታሰበ ነገር ግን በኋላ መጣ። ክላውድ ነው። አማዞን፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት ግዙፍ የሰርቨር ማዕከሎች ገንብተው ሶፍትዌርን በሰዓት ማከራየት ጀመሩ። ደንበኛው ኮዱን አይቀበልም፤ በኢንተርኔት ይገናኘዋል እንጂ። ኮድ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ ደግሞ የጂፒኤል ግዴታ አይነሳም። ቢኤስዲ ላይማ ድሮውንም እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። አማዞን በ2013 ሬዲስን በራሱ የክላውድ አገልግሎት ውስጥ አካቶ ለደንበኞቹ ማቅረብ ጀመረ። ሕጋዊ ነው፤ ፈቃዱ ፈቅዷል። ኪራዩ ግን የሚገባው ለአማዞን ነው።

ኢላስቲክሰርችን እንይ። ሻይ ባኖን የሚባል እስራኤላዊ ፕሮግራመር ለንደን ውስጥ ምግብ ዝግጅት ትማር ለነበረችው ባለቤቱ የምግብ አሠራር ማስታወሻዎቿን የምትፈልግበት ፕሮግራም ሊሠራላት ሲሞክር የፍለጋ ቴክኖሎጂ ውስጥ ገባ። በ2010 ኢላስቲክሰርችን ለቀቀ፤ ኩባንያም አቋቋመ። በ2015 አማዞን በዚሁ ስም የራሱን የክላውድ አገልግሎት ከፈተ። የባኖን ኩባንያ በስሙ አጠቃቀም ምክንያት አማዞንን በ2019 ከሰሰ፤ በጥር 2021 ደግሞ ፈቃዱን ለወጠ። አማዞን የመጨረሻውን ክፍት ቅጂ ወስዶ ኦፕንሰርች በሚል ስም ለየው። ፕሮግራመሮች ይህን ፎርክ ማድረግ ይሉታል። የስሙ ክርክር በ2022 በስምምነት አለቀ።

በዚያው መንገድ የሄዱት ብዙ ናቸው። ሞንጎዲቢ የተባለው የዳታቤዝ ኩባንያ በ2018 ኤስኤስፒኤል የሚባል አዲስ ፈቃድ ጻፈ። ይህ ፈቃድ ሶፍትዌሩን እንደ አገልግሎት የሚሸጥ ሁሉ አገልግሎቱን የሚያንቀሳቅስበትን ኮድ በሙሉ፣ የክትትሉንም የመጠባበቂያውንም ሳይቀር፣ እንዲያወጣ ይጠይቃል። የትኛው ፈቃድ ኦፕን ሶርስ መባል እንደሚገባው የሚመረምረው ድርጅት አልተቀበለውም። ቴራፎርም የሚባለው ሶፍትዌር ባለቤት ሃሺኮርፕ በነሐሴ 2023 ፈቃዱን ለወጠ፤ ተጠቃሚዎቹ ኦፕንቶፉ የሚል ፎርክ አወጡ፤ አይቢኤም በቀጣዩ ዓመት ሃሺኮርፕን በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ።

ለእነዚህ ኩባንያዎች ፍትሕ ማድረግ ያስፈልጋል። አቤቱታቸው ባዶ አይደለም። መሐንዲሶች ቀጥረው፣ ደመወዝ እየከፈሉ ኮድ ያስጽፋሉ፤ ሰርቨሩና ደንበኛው በእጁ ያለ ግዙፍ ኩባንያ ያንኑ ወስዶ ይሸጣል። ነገር ግን ታሪካቸው ሌላም ገጽ አለው። አብዛኞቹ የተነሡት በቬንቸር ካፒታል ገንዘብ ነው። ገንዘቡን የሰጠው ሰው ብዙ እጥፍ ሆኖ እንዲመለስለት ይጠብቃል። ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍት ኮድን እንደ ማስታወቂያ ተጠቀመበት፤ ዓለም በሙሉ ያለ ክፍያ ሞከረው፣ አረመው፣ አስተማረው። በሰፊው ከተለመደ በኋላ በሩን ማጥበብ ትርፍ አለው። አማዞን ባይኖርም ኖሮ ያ ግፊት ይመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሬዲስ ስንመለስ ጉዳዩ በግልጽ ይታያል። በ2011 እስራኤል ውስጥ ጋራንቲያ ዳታ የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሥራው ሬዲስን በክላውድ ማከራየት ነበር። ማለትም እሱ ራሱ የሌላ ሰው ክፍት ኮድ እየሸጠ ነው የተነሣው። በ2014 ስሙን ወደ ሬዲስ ላብስ ቀየረ። በ2015 ሳንፊሊፖን ቀጠረ፤ በ2018 የሬዲስ የንግድ ምልክት ከሳንፊሊፖ ወደ ኩባንያው ተላለፈ። በዚያው ዓመት ኩባንያው በተጨማሪ ሞጁሎቹ ላይ ፈቃድ ሲያጠብቅ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሬዲስ ዋናው ኮድ ግን በቢኤስዲ እንደሚቀጥል ለሕዝብ ተነገረ። ሰዎች አመኑ። በ2020 ሳንፊሊፖ ከኃላፊነቱ ሲለቅ አምስት ሰዎች ያሉበት ቡድን ኮዱን ተረከበ፤ ሦስቱ የሬዲስ ላብስ ሠራተኞች ነበሩ፤ የቀሩት ሁለቱ የአማዞኗ ማድሊን ኦልሰንና የአሊባባው ጃኦ ጃኦ ነበሩ። በ2021 ኩባንያው «ላብስ» የሚለውን ጣለና ራሱን ሬዲስ ብቻ ብሎ ጠራ።

መጋቢት 20 ቀን 2024 ያ ስም ያለው ኩባንያ ውሳኔውን አሳወቀ። ከ7.4 ቅጂ ጀምሮ ያለው ኮድ በሁለት ፈቃዶች ይወጣል፤ አንዱ የኩባንያው የራሱ ነው፣ ሁለተኛው የሞንጎዲቢው ኤስኤስፒኤል ነው። ሁለቱም ኦፕን ሶርስ አይደሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከ7.0 ቅጂ በኋላ ወደ ሬዲስ የገቡት ለውጦች በተቆጠሩ ጊዜ የኩባንያው ሠራተኞች ድርሻ ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ ሆኖ ነው የተገኘው። ሩብ ያህሉ የመጣው ከቻይናው ቴንሰንት ነበር። አሊባባ፣ ሁዋዌና አማዞንም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ «እኛ እንሠራለን፣ ክላውዶቹ ይወስዳሉ» የሚለው ክስ ሬዲስ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ከክላውዶቹ ጥቂቶቹ ሠራተኛ መድበው ኮድ ይልኩ ነበር። ኩባንያው ከፍተኛ ድርሻ የነበረው በኮዱ ላይ ሳይሆን በስሙና በውሳኔው ላይ ነው። ቢኤስዲ ደግሞ የሌላውን ሰው ኮድ በአዲስ ፈቃድ ውስጥ አካቶ መልቀቅን ይፈቅዳል፤ አዋጪዎቹን ማስፈቀድ አላስፈለገም።

አንድ የተለቀቀ ፈቃድ ግን ወደ ኋላ አይሰበሰብም። 7.2.4 የተባለው ቅጂ በቢኤስዲ ወጥቷል፤ ለዘላለሙም እንደዚያው ነው። ማድሊን ኦልሰን ያንን ቅጂ ይዛ ከሌሎች አዋጪዎች ጋር ሥራውን ቀጠለች። መጀመሪያ የሚጠሩበት ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ ለጊዜው «ቦታ ያዥ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ለጠፉበት። በስምንተኛው ቀን፣ መጋቢት 28፣ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ፕሮጀክቱን ቫልኪ በሚል ስም ተቀበለው። አማዞን፣ ጉግል፣ ኦራክል፣ ኤሪክሰንና ስናፕ ደጋፊ ሆነው ቀረቡ።

ከደጋፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ የክላውድ ግዙፎቹን ስም ስናነብ ጥርጣሬ ቢገባን አያስገርምም። በልተው አላጋሩም ተብለው የተወቀሱት እነዚሁ ናቸው፤ አሁን የነፃነት ጠበቃ ሆነው ብቅ ሲሉ ትርፋቸውን እያሰሉ እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የልባቸው ሐሳብ ሳይሆን የተዋቀረው ደንብ ነው። የቫልኪ የንግድ ምልክት በሊኑክስ ፋውንዴሽን እጅ ነው። ቴክኒካዊ ውሳኔ የሚሰጠው ኮሚቴ ውስጥ የአንድ ኩባንያ ሰዎች ከሲሶ በላይ መሆን አይችሉም። አማዞን ነገ ሐሳቡን ቢቀይር በሩን ብቻውን መዝጋት አይችልም። ሬዲስ ላይ ያልነበረው ይህ ነው። እዚያ የነበረው የመልካም ሰዎች ቃል ነበር፤ ቃሉን የሰጡት ሰዎች ደግሞ ይለቃሉ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ይቀየራል፣ ገንዘብ ያስገባው ባለሀብት ትዕግሥቱ ያልቃል።

ቀጥሎ የሆነው ፈጣን ነበር። ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ሬዲስን አውጥቶ ቫልኪን አስገባ። ሳንፊሊፖ በ2024 ማብቂያ ወደ ሬዲስ ኩባንያ ተመለሰ፤ ኮዱ እንደገና እንዲከፈትም ተሟገተ። ግንቦት 1 ቀን 2025 ሬዲስ 8 ሲወጣ ኤጂፒኤል የሚባለው እውነተኛ የኦፕን ሶርስ ፈቃድ እንደ ሦስተኛ አማራጭ ተጨመረበት። ኤጂፒኤል ቀደም ብዬ ያነሣሁትን የክላውድ ቀዳዳ የሚደፍን ነው፤ ኮዱን ለውጦ በኔትወርክ የሚያገለግል ሰው ለውጡን ለተጠቃሚዎቹ መስጠት አለበት። ኢላስቲክም በነሐሴ 2024 ይህንኑ ፈቃድ ጨምሮ ነበር። መመለሳቸው መልካም ነው፤ ከልቤ ደስ ብሎኛል። የሄዱት አዋጪዎች ግን እንዳሉ አልተመለሱም። ሁለቱ ኮዶች በየመንገዳቸው እየራቁ ነው፤ አንዱ ላይ የታረመው ስህተት ለሌላው እንዳለ አይሆንም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኩባንያ ክፉ ማኅበረሰብ ደግ የሚል ቀላል ድምዳሜ ይኖረን ነበር። ቫልኪ በታወጀ ማግስት የተሰማው ዜና ግን ያንን አይፈቅድም።

አንድሬስ ፍሮይንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ፖስትግሬስ በሚባለው ክፍት ዳታቤዝ ላይ ይሠራል። የፍጥነት ሙከራ እያደረገ ሳለ በርቀት ወደ ሰርቨር የሚያስገባው ኤስኤስኤች ያለ ወትሮው ፕሮሰሰሩን ሲያደክም አየ። በሌለ የተጠቃሚ ስም ለመግባት ሞክሮ ሰዓቱን ለካ። ቀድሞ 0.299 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው አሁን 0.807 ሰከንድ ፈጀ። ግማሽ ሰከንድ ነው ልዩነቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር፤ እሱ ግን ክሩን እየሳበ ሄደ። መጨረሻ ላይ ያገኘው ኤክስዜድ በሚባል፣ የፋይልን መጠን በሚያሳንስ አነስተኛ ሶፍትዌር ውስጥ የተቀበረ የኋላ በር ነው። በሩ ሳይታወቅ ወደ ዋናዎቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች ገብቶ ቢሆን ኖሮ የቀበረው ሰው ስፍር ቁጥር በሌለው ሰርቨር ውስጥ መግባት ይችል ነበር። ፍሮይንድ ያገኘውን መጋቢት 29 ለዓለም ይፋ አደረገ።

ኤክስዜድን ለዓመታት የተንከባከበው አንድ ሰው ነበር። ደመወዝ የለውም፤ በትርፍ ጊዜው ነው የሚሠራው። በ2022 ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች ለምን ትዘገያለህ፣ አቅም ከሌለህ ለሌላ አስረክብ እያሉ በመልእክት አጣደፉት። በዚያው ሰሞን ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ፣ ትሑትና ታታሪ የሚመስል «አጋዥ» ሥራ እየሠራለት ነበር። ሰውየው ደክሞት ነበርና ጭነቱን አካፈለው። ኮዱን የመረዘው ያ አጋዥ ነው። በዚያ ሶፍትዌር ላይ ቢሊዮኖች የሚያተርፉ ኩባንያዎች ቆመዋል፤ አንዳቸውም አጠገቡ አልነበሩም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ወር ተርታ ሳያቸው አንድ ጥያቄ ናቸው ብዬ አስባለሁ። ሬዲስ ላይ ገንዘቡ ገብቶ ውሳኔውን ይዞ ሄደ። ኤክስዜድ ላይ ገንዘቡ ጭራሽ አልመጣም። የሚያስፈልገው ገንዘቡ እየገባ ውሳኔው የማይሸጥበት መንገድ ነው። መንገዱም አለ፣ ተሞክሯል። የጀርመን መንግሥት በ2022 የጀመረው ሶቨረን ቴክ ፈንድ ባለቤትነት ሳይጠይቅ ለእንደዚህ ዓይነት መሠረታዊ ሶፍትዌር ጠባቂዎች ይከፍላል፤ በ2023 ግኖም ለተባለው ፕሮጀክት 1 ሚሊዮን ዩሮ መድቧል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የሳይበር ደኅንነት ሕግም ዋናውን ኃላፊነት የጣለው ሶፍትዌሩን በምርት ውስጥ አስገብቶ በሚሸጠው ላይ እንጂ ያለ ክፍያ በሚጽፈው ላይ አይደለም። ዋናዎቹ ግዴታዎች ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ ይጸናሉ።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ የሚመስለው ካለ ኪሱ ውስጥ ያለውን መታወቂያ ይመልከት። ፋይዳ የተሠራው ሞሲፕ በሚባል ኦፕን ሶርስ መድረክ ላይ ነው፤ የሞሲፕ ቤት ሕንድ ቤንጋሉሩ ያለ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጤና ጣቢያ ባለሙያ የወሩን የክትባትና የወሊድ ሪፖርት የምታስገባበት ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ የሚመራው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለቱም ቤታቸው ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ዕድል ነው፤ በባለሀብት ግፊት ነገ የሚዘጉ አይደሉም። ግን አንዳንድ ሰው እንደሚያስበው በራሳቸው አይኖሩም። የሚጽፏቸው ሰዎች ደመወዝ ከለጋሾችና ከተጠቃሚ ተቋማት ነው የሚመጣው።

ዲኤችአይኤስ2 የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። በቅንብሩ ውስጥ ሲመረጥ ዓመቱ ከመስከረም ይጀምራል። ይህ የሆነው አቆጣጠሩ በዋናው ኮድ ውስጥ ስለገባ ነው። እዚህ አገር ብቻ የተለጠፈ ጥገና ቢሆን ኖሮ አዲስ ቅጂ በወጣ ቁጥር እንደገና መለጠፍ ነበረበት፤ የለጠፈው ልጅ ሥራ የቀየረ ዕለት ደግሞ ጥገናውን የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየባንኩ፣ በየሶፍትዌር ድርጅቱ እንዲህ ያለ ጥገና በየቀኑ ይሠራል። የአማርኛ ፊደል አደራደር፣ የስምና የአያት ስም አመዘጋገብ፣ የሰዓት አቆጣጠር። አብዛኛው ግን ወደ መነሻው ፕሮጀክት አይመለስም፤ ልጆቹ ሰንፈው ሳይሆን የሥራ ሰዓት ስላልተፈቀደላቸው ነው። የመንግሥት የሶፍትዌር ጨረታ ሰነድ ላይ አንድ አንቀጽ ቢገባ ይህን ይለውጠዋል። ተጫራቹ በኦፕን ሶርስ ላይ ከገነባ፣ ያሻሻለውን ወደ መነሻው መልሶ የሚያስገባበት የሰው ኃይልና ሰዓት በዋጋው ውስጥ ለይቶ ያሳይ፤ ገዢው መሥሪያ ቤትም ይክፈልበት።